ምክንያት ሳይጠቀስ

«ሙቅ ውሃው አይሠራም ብዬ ደወልኩለት። በሳምንቱ ቤቱን ልቀቂ የሚል ወረቀት በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁ» አለች ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት።

«ለምን እንደሆነ አልጻፈም?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ምን ብሎ ይጽፋል? አይገደድማ! ‹ምክንያት ሳይጠቀስ› ይላል ወረቀቱ፣ እንዲሁ በትልቁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ በሙቅ ውሃ ሳጥብ ውዬ ማታ ለራሴ በማንቆርቆሪያ አፍልቼ እታጠባለሁ። እሱን ተናገርሽ ተብዬ ውጪ!»

ከወደቡ ወደ አደላይድ መሐል ከተማ የሚሄደው የጠዋት ባቡር ጢም ብሎ ሞልቷል። ውጪ የነሐሴ ዝናብ ይዘንባል፤ የመስኮቱ መስታወት በሰው ትንፋሽ ደብዝዟል። ኮራሊ ትሬጌንዛ ከሁለቱ ሴቶች ጀርባ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ያለውን ረቂቅ ሕግ ታገላብጣለች። ገልጣ የያዘችው ገጽ ስለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ አከራይ ተከራዩን ሲያስለቅቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽ ይላል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሷ አባል የሆነችበት የግዛቱ ምክር ቤት ድምፅ ይሰጥበታል። አንቀጹን አልጋዋ ላይ ሆና አንብባዋለች፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ስትጠብቅ አንብባዋለች፤ ረቂቁን ካቀረበችው ሚኒስትር ጋርም ተከራክራበታለች። እርጥብ ካፖርት በሚሸት ባቡር ውስጥ በሰው አፍ ሲነገር የሰማችው ግን ገና ዛሬ ነው።

ሴቶቹ ከካፖርታቸው ሥር የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ልብስ ለብሰዋል። ታሪኩን የምታወራው ፊጂያዊት ናት፤ ጎልማሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ስትናደድ ድምጿ ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል። ጓደኛዋ «የትኞቹ ቤቶች ናቸው ግን?» ስትላት፣ «ሰማፎር ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት፣ አረንጓዴ የጋራዥ በር ያላቸው። ባለቤቱ አፍ የለውም። ሰላም ስትይው አገጩን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል» አለች። የኮራሊ ጆሮ ጋለ። እነዚያን አረንጓዴ በሮች አንድ የገና ሰሞን ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ከቀቡት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ሌላው አገጩን ነቅንቆ የሚያልፈው ሰውዬ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ሮይስ።

ሮይስ ዛሬ ጠዋትም ቤቷ መጥቶ ነበር። ብዙ ቀን ባሕሩ ውስጥ ከገባው የእንጨት ድልድይ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ አንግቶ፣ ያጠመደውን አጽድቶና በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከኮራሊ ጋር ለሚኖሩት ለእናታቸው ለሜርል ያመጣላቸዋል። በኋላ በር ይገባል፤ እናቱን ግንባራቸውን ይስማል፤ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ንፋሱ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። ኮራሊ በዚያች ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ዳቦዋን እየጠበሰች ብትቆምም እንደ ወንበር ዞሯት ያልፋል። እናትየው አንድ ጊዜ ወደ ወንድ ልጃቸው፣ አንድ ጊዜ ወደ ሴት ልጃቸው ያዩና ሻያቸውን ያማስላሉ። ነገሩ እንዲህ የሆነው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ኮራሊ በሬዲዮ ተጠይቃ «ረቂቁን ለመደገፍ እያሰብኩ ነው» ካለች ወዲህ። ከዚያ በፊት ግን ለምርጫው ከእሱ በላይ የደከመላት ሰው አልነበረም። ሰማፎር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጸጉር ስትሠራ የኖረች ሴት በግል ልወዳደር ስትል ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ መሰላል ተሸክሞ ፎቶዋን በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ያሰረላት ሮይስ ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ሰው ግን ከግማሽ በላይ ማግኘት አልቻለም፤ እንደ ደንቡ ከታች ያሉት እየወደቁ የመራጮቻቸው ድምፅ ሁለተኛ ብለው ወደ መረጡት ሲዛወር፣ አብዛኛው ሁለተኛ ያለው ኮራሊን ሆኖ ተገኘ። ሮይስ ያን ቀን በደስታ አቅፏት መሬት ለቃ ነበር። አንድ ቃል ግን አልተናገረም፤ ሲደሰትም ሲከፋውም ዝም ነው።

ባቡሩ ወደ ከተማው ሲቃረብ ኮራሊ ተነሥታ ከሴቶቹ አጠገብ ያለውን ብረት ይዛ ቆመች። «ይቅርታ፣ ሳልፈልግ ሰማኋችሁ» አለች። ፊጂያዊቷ ቀና ብላ አየቻትና፣ «እርስዎን የሆነ ቦታ አውቅዎታለሁ... ምሰሶው ላይ!» አለች። ጓደኛዋ በሳቅ ፈነዳች። ኮራሊም ሳቀች፤ ከዚያ ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ እሷም ከሚሰጡት አንዷ መሆኗን ነገረቻቸው።

«የኔንም ወረቀት ያስቀርልኛል?» አለች ሴትየዋ። ስሟ ቫሲቲ ነው።

«አያስቀርልሽም። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ለሚሰጠው ወረቀት ነው እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ቫሲቲ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። «እንግዲህ ከኔ በኋላ ለምትመጣዋ ይሁናታ» አለች።

«ያልሽውን ምክር ቤት ውስጥ ብናገረው ቅር ይልሻል? ስምሽን አላነሣም።»

«ስሜን አያንሡ። ሙቅ ውሃውን ግን ያንሡልኝ!»

ኮራሊ የሰውዬው እህት መሆኗን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ከማዶ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀደሟት። «አንቺ የምክር ቤቷ ሴት ነሽ? ጡረታዬ ላይ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አሏት። ጡረታ የካንቤራው የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው አለቻቸው። የቆሻሻ ገንዳዬ ሁለት ሳምንት ሳይነሣ ቀረሳ አሉ። እሱ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ነው አለቻቸው። «ታዲያ አንቺን ምን ልትሠሪ መረጥንሽ?» «ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ የቤት ኪራዩ የኛ ነው። ይሄ ባቡርም የኛ ነው።» ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። «እንዲያ ከሆነ ዘግይተሻል» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባቡሩ ጣቢያው ገባ፤ ቫሲቲና ጓደኛዋ ወደ አውቶቡሳቸው ሮጡ። ያልተናገረችው ነገር ኮራሊን እንደ ጠባብ ጫማ እየቆረቆራት ደረጃውን ወጣች።

ምክር ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ጎን ነው። ትልልቅ የእብነ በረድ ዓምዶች አሉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ወንበሮች፣ የቆየ የእንጨት ሽታና ሁሌም የሚቀዘቅዝ መተላለፊያ። አርባ ሰባት መቀመጫ አለው። መንግሥት የመሠረተው ፓርቲ ሃያ ሦስቱን፣ ተቃዋሚው ሃያ ሁለቱን ይዘዋል፤ የቀሩት ሁለቱ የኮራሊና የሊንዚ ኖስኬ ናቸው። ሊንዚ ከምዕራቡ የስንዴ አገር የመጣ ገበሬ ነው፤ እሱም እንደ እሷ ፓርቲ የለውም። ሁለቱ በጀት እንዳይታገድና መንግሥት እንዳይወድቅ ቃል ገብተዋል፤ በቀረው ሁሉ እንደ ኅሊናቸው ነው የሚመርጡት። ከመንግሥት ወገን አንዷ አፈ ጉባኤ ስለሆነች ድምፅ የምትሰጠው እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሊንዚ እንዳለው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ከቆመ፣ የሕጉ ዕጣ በኮራሊ እጅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ጠዋት መተላለፊያው ላይ ያገኟት ሁሉ ስለ ጤናዋ በጣም ተጨንቀው የጠየቋት ለዚያ ነው።

የአባላቱ ሻይ ቤት ውስጥ ሊንዚን ትኩስ ኬክ በክሬምና በጃም እየበላ አገኘችው። በዚህ ሕንጻ ውስጥ እንደ ከተማው ዋጋ ያልናረ ነገር ይህ ኬክ ብቻ ነው ይላል፤ ስለዚህ ሁለት ይበላል።

«ወሰንሽ?» አላት።

«አልወሰንኩም። አንተስ ልትቀየር አትችልም?»

«እኔ ብቀየር ሚስቴ ቤት አታስገባኝም። እሷም ምክንያት አትጠቅስም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «የኛ አገር ሰው ባዶ ቤት የሚያከራየው እህል መሰብሰቢያ ሲደርስ ልጁ እስኪመለስ ነው። ልጁ ሲመጣ ቤቱን ይፈልገዋል። ረቂቁ ባለቤቱ ራሱ ሊኖርበት ከፈለገ ይፈቅዳል፤ ልጁን ግን አያውቀውም። ልጅ ባዕድ ነው እንዴ?» አላት።

ኮራሊ መልስ ሳትሰጠው ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው። ሜርል ስልክ ሲያናግሩ ከባሕር ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ይጮኻሉ። «ሮይስ ዛሬ ወደዚያ ሊያመጣኝ ነው! ሰማያዊ ካፖርቴን ለብሻለሁ! ከላይ ካለው ሰገነት ላይ እናይሻለን!» አሉ። ሊንዚ ሳይቀር ሰማ። ኮራሊ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሮይስ? እሱ ራሱ ልምጣ አለ?» «እኔ ነኝ ውሰደኝ ያልኩት። እንቢ አላለም። ለነገሩ ሰሞኑን ልቡ ደስ ብሎታል፤ ሻርሊን ከዳርዊን ልትመለስ ነው፣ ሕፃኗን ይዛ። ያ ሰውዬዋ ትቷታል አሉ። አራተኛውን ቤት እያስለቀቀላት ነው... አልነገረሽም?»

«እሱ ምን ይነግረኛል፣ እማዬ።»

«ለኔም አልነገረኝም። ከሻርሊን ነው የሰማሁት» አሉ እናትየው፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

ኮራሊ ስልኩን ዘጋች። ሻርሊን የሮይስ አንድ ልጁ ናት። ቫሲቲ የምትኖርበት አራተኛው ቤት ይሆን? ይሆናል፤ ወረቀት የተሰጠው ሌላ ተከራይ መኖሩን አልሰማችም። እንግዲያው ሮይስ ሴትየዋን ያስወጣው በሙቅ ውሃው ተናድዶ አይደለም፤ ልጁ አራስ ልጅ ታቅፋ ስለምትመጣበት ነው። ይህን በአንድ መሥመር ጽፎላት ቢሆን ኖሮ ቫሲቲ ታዝን ይሆናል እንጂ አትዋረድም ነበር። ግን ማንም ጻፍ አላለው። ሕጉ አልጠየቀውም፤ ሕግ ካልጠየቀው ደግሞ ሮይስ በገዛ ፈቃዱ አፉን አይከፍትም። ኮራሊ በወንድሟ ስትናደድ ሰንብታ አሁን በድንገት አሳዘናት፤ ንዴቱም አልጠፋም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ተቀመጡባት።

ተነሥታ የሚኒስትሯን ቢሮ አንኳኳች። ዴስፒና ካራትዛስ ወንበር ላይ የማትረጋ፣ ስታዳምጥም የምትጽፍ ሴት ናት። ኮራሊ መጀመሪያ ወንድሟ አከራይ መሆኑን፣ ነገሩም እሱን የሚነካ መሆኑን ተናገረች፤ ይህንኑ ምክር ቤቱም ፊት እንደምትናገር አሳወቀች። ከዚያ ባለቤቱ ቤቱን ለልጁ ወይም ለወላጁ ሲፈልገውም ማስለቀቅ ይችላል የሚል ይጨመርበት አለች።

«እንዴ ኮራሊ፣ ያኔማ አገሩ በሙሉ ሴት ልጅ ይፈጥራል!» አለች ሚኒስትሯ።

«ይፍጠር። ግን ስሟን ይጻፍ፣ ይፈርምበት። ልጅቷ ሳትገባ ለሌላ ሰው ካከራየው የኪራይ ችሎቱ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ። ለተከራይም ቤት ፈልጎ የሚያገኝበት በቂ ጊዜ ይሰጠው።»

«ይህን ካደረግኩልሽ ድምፅሽን ትሰጪኛለሽ?»

«ይህን ካደረግሽ ሕጉ ትክክል ይሆናል። ትክክል ከሆነ ደግሞ ከማን ጋር እንደምቆም ታውቂያለሽ።»

ሚኒስትሯ እስክሪብቶዋን ጥርሷ መሐል አድርጋ ኮርኒሱን አየች፤ ቀጥላ ረቂቅ አዘጋጆቹ ጋ ደወለች። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ማሻሻያው ተጽፎ ተባዝቶ በየአባላቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሊንዚ አነበበው፤ «ለወንድምሽ ቀዳዳ ቀደድሽለት» አላት። «ላንተ ገበሬዎችም ነው» አለችው። «እኔ ግን አሁንም እቃወማለሁ፤ ለሚስቴ ቃል ገብቻለሁ።» «አውቃለሁ።» ከኬኩ ግማሹን ቆርሶ ሰጣት፤ በላችው።

ከሰዓት በኋላ የጥያቄ ሰዓቱ እንደተለመደው በጩኸት አለፈ። ስለ አምቡላንስ ተጠየቀ፤ ስለ አምቡላንስ ያልሆነ መልስ ተሰጠ። ከዚያ የኪራይ ረቂቁ ቀረበ። ኮራሊ ወደ ሰገነቱ ቀና አለች። እናቷ ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሮይስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብሏል። አላያትም፤ ወይም አይቷት እንዳላየ ሆኗል። ማሻሻያው ብዙ ሳያከራክር በቃል ድምፅ አለፈ፤ የሚያከራክረው ሕጉ በጠቅላላው ይጽደቅ አይጽደቅ የሚለው ነው። ተራዋ ሲደርስ ተነሣች።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ። ወንድሜ የሚያከራያቸው ቤቶች አሉት። የጋራዥ በሮቹን ከቀቡት አንዷ እኔ ነኝ፤ አቀባቤ ጥሩ እንዳልነበረም እመሰክራለሁ።» ጥቂቶች ሳቁ። ከተቃዋሚዎቹ ወንበር አንድ ሰው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ እቤትሽ ለወንድምሽ አትነግሪውም ነበር?» ብሎ ጮኸ። ኮራሊ ወደ ሰውዬው ዞረች። «ቤት ውስጥ አያናግረኝም። ለዚያ ነው እዚህ የመጣሁት!»

ምክር ቤቱ በሙሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጯሂውም አብሮ ሳቀ፤ አፈ ጉባኤዋ «ሥርዓት! ሥርዓት!» ስትል አፏን በእጇ ሸፍና ነበር። ኮራሊ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ ስም ሳትጠራ ጠዋት ባቡር ላይ የሰማችውን ተናገረች፤ የሰው ገላ በሙቅ ውሃ የምታጥበውን፣ ማታ ማንቆርቆሪያ የምትጥደውን፣ በበሩ ሥር የገባውን ወረቀት። «ይህን ሕግ የምደግፈው አከራዮች ክፉ ስለሆኑ አይደለም» አለች። «ክፉ ያልሆነውም ዝም ሲል ክፉ ይመስላል። ያቺ ሴት በሙቅ ውሃው ምክንያት ተባረርኩ ብላ ታምናለች። ማን ያውቃል፣ ሰውዬው ልጁ ተቸግራ ልትመጣበት ይሆናል። እሷም ተናድዳ ታድራለች፤ እሱም ክፉ ተብሎ ያድራል። በሁለቱ መካከል የጎደለው አንድ መሥመር ጽሑፍ ነው። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ያንን አንድ መሥመር ነው። ቤቱን ማንም አይወስድበትም። ለምን እንደሆነ ብቻ ይናገር። የሰው ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ለምን ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ የተጠየቀውም መልስ ቢሰጥ አይሞትም።» ይህን ስትል ሳታስበው ወደ ሰገነቱ አየች። ሮይስ አጎንብሶ ጫማውን ያያል።

ደወሉ ተደወለ። በየቢሮው፣ በየመተላለፊያው፣ በሻይ ቤቱ ጮኸ፤ አባላቱ አፋቸውን እየጠረጉ ገቡ፤ ከዚያ በሮቹ ተቆለፉ። የሚደግፉ ከአፈ ጉባኤዋ በስተቀኝ፣ የሚቃወሙ በስተግራ ተባለ። ሊንዚ ወደ ግራ ሲሄድ ትከሻዋን ነካ አድርጓት አለፈ። ኮራሊ ወደ ቀኝ ሄደች። ከወንበሯ እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ሰማያዊው ካፖርትና አጠገቡ ያለው ጎንበስ ያለ ራስ ከላይ ሆነው እንደሚያዩዋት እያሰበች ስለሄደችው ረጅም መሰላት። ቆጣሪዎቹ ቆጠሩ። ሃያ ሦስት ለሃያ ሦስት። አፈ ጉባኤዋ መነጽሯን አስተካከለች፤ ድምፁ እኩል በመሆኑ የመለያው ድምፅ የእሷ መሆኑን ተናገረች፤ ድጋፍ ሰጠች። በቀኝ በኩል ያሉት አጨበጨቡ። ሚኒስትሯ የኮራሊን እጅ ጨበጠች። ኮራሊ ቀና ብላ ስታይ እናቷ ከሰገነቱ ላይ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ አንድ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ጎንበስ ብሎ «እሜቴ፣ አይፈቀድም» ይላቸዋል። የሮይስ ወንበር ባዶ ነበር።

ካፖርቷን እንኳ ሳትቆልፍ ወጣች። ዝናቡ አባርቶ የደጁ ድንጋይ ያበራል፤ መንገዱ ላይ ትራሙ እየተንቋቋ ያልፋል። ሮይስ ከአንዱ ዓምድ ሥር ቆሞ ስልኩን እንደ እባብ አርቆ ይዞታል። ስትመጣ አየ። አልሸሸም።

«ቫሲቲ ናት አይደል?» አላት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ለእሷ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ስም አልጠራሁም።»

«ማንቆርቆሪያ ስትይ አወቅኩ። የማሞቂያው ዕቃ ከሜልበርን እስኪመጣ ነው እኮ! ካዘዝኩት ቆይቷል።»

«ለእሷ ነገርካት?»

ሮይስ የስልኩን መስታወት በእጅጌው ጠረገ።

«ሻርሊን እንደምትመጣስ ነገርካት?»

«ማንም አልጠየቀኝማ» አለ ሮይስ። ከዚያ ያለው በራሱ ጆሮ ምን እንደሚመስል የሰማ ይመስል ፊቱ ቀላ። «ልጄ ተጣለች ብዬ ለተከራይ ልጻፍ እንዴ? ላንቺስ ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ሬዲዮ ላይ ነሽ።»

«እኔ ጠዋት ጠዋት አጠገብህ ነኝ፣ ሮይስ። ማዕድ ቤት ውስጥ ነኝ፤ ዳቦ ስጠብስ።»

ሮይስ ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው። ከዚያ ስልኩን አነሣና ደወለ። ኮራሊ ልትርቅለት ስትል በእጁ ቁሚ አላት። ቫሲቲ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። ሮይስ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠራርጎ ልጁ ከነሕፃኗ ልትመጣ መሆኑን፣ ወረቀቱ ለዚያ እንደሆነ፣ ከሙቅ ውሃው ጋር እንደማይገናኝ፣ ዕቃው ነገ ካልመጣ ራሱ ሄዶ እንደሚያመጣው ነገራት። ስድስተኛው ቤት በጥቅምት እንደሚለቀቅ፣ ከፈለገች በዚያው ኪራይ ልትገባበት እንደምትችልም ጨመረ። ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «እሺ» አለ። «እሺ። ልክ ነሽ። እሺ።» ስልኩን ዘጋ። «ምን አለችህ?» «አስብበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ልታጠብ አለች።» «ሌላስ?» «ሌላውን ላንቺ አልነግርሽም።» ኮራሊም በተራዋ፣ ጠዋት ባቡር ላይ እህቱ ነኝ ሳትል መቅረቷን፣ ነገ ጣቢያው ላይ ጠብቃ እንደምትነግራት ነገረችው። «አንቺም ዝም ብለሽ ነበር?» አለ ሮይስ፤ በዚህ በጣም ደስ አለው።

እናታቸውን ደግፈው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። ሜርል የፊት ወንበር ላይ ተመቻችተው «ምክር ቤት ማለት ይህ ነው? ጸጥ ያለ ቦታ ይመስለኝ ነበር!» አሉ። ኮራሊ ከኋላ ገባች። ከተማውን አልፈው የወደቡን መንገድ እስኪይዙ ማንም አልተናገረም፤ ግን ይህ ዝምታ እንደ ጠዋቱ አልከበደም፤ ሰው ከጥጋብ በኋላ ዝም የሚለው ዓይነት ነበር። በመጨረሻ ሮይስ በመስታወቱ አያት።

«ሕግሽ ግን ስህተት ነው።»

«ገና ሕግ አልሆነም። ላይኛው ምክር ቤት ይቀረዋል።»

«እነሱ ሊጥሉት ይችላሉ?»

«ይችላሉ። እዚያ ማንም ለብቻው አብላጫ የለውም። ለኮሚቴ መርተውት ሰው ጠርተው ይሰሙበታል።»

«የነሱ ወረዳ የት ነው? የኛ ተመራጭ የትኛው ነው?»

«ወረዳ የላቸውም። ሃያ ሁለቱንም መላው ግዛት ነው የሚመርጣቸው። ሁሉም ያንተ ናቸው።»

ሮይስ ይህን ሲያላምጥ ትንሽ ነዳ። «እኔንስ ይሰሙኛል? ብሄድ?»

«ለምን አይሰሙህም? ስምህን አስመዘግብልሃለሁ።»

«ሕግሽን እንዲጥሉት ነው እኮ የምነግራቸው!»

«አውቃለሁ። እስቲ ምን ልትላቸው ነው?»

ሮይስ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ቤቶቹን በገዛ እጄ ነው የሠራኋቸው...» ብሎ ጀመረ። «ከዚያ አትጀምር» አለችው ኮራሊ፤ «አከራይ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ያንቀላፋሉ። ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ሲያጋጥምህ ችሎቱ ስንት ወር እንደሚያመላልስህ ንገራቸው። እሱ ላይ እውነት አለህ።» «ቀስ ብለህ ተናገር» አሉ እናታቸው፤ «አባታችሁ ከተናገረ ይፈጥን ነበር፤ ማንም አይሰማውም።» ሮይስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አንደኛ አለ፣ ችሎቱ። ሁለተኛ አለ፣ ጥገናው፣ ዕቃው ከሌላ ግዛት እስኪመጣ የሚያባክነው ጊዜ። ኮራሊ ከኋላ ሆና አንድ ቃል አረመችው፤ እሺ ብሎ ደገመው። ቀይ መብራት ያዛቸው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ሮይስ ግን ገና ሦስተኛው ምክንያቱ ላይ ነበር።